ቅዳሜ ወደ ሶልትስ ሚል፦ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልን

ውድ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ በሰሜን እንግሊዝ፣ ሶልቴር የሚገኘውን የሶልትስ ሚል ፋብሪካ እንጎበኛለን። መገናኛችን የሶልቴር ባቡር ጣቢያ፣ ጠዋት በእኛ 4፡30 (በእንግሊዙ 10፡30) ነው። ፋብሪካው ከጣቢያው አጠገብ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው።

ታይተስ ሶልት በ1853 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሥራ ያስጀመረው ይህ የሱፍ ፋብሪካ 166 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ንድፉ የሎክውድና የሞውሰን፣ ምህንድስናው የዊልያም ፌርቤርን ነው። የፊት ገጽታው ያማረ ቢሆንም እኛ በዋናነት የምናየው ውስጡን ነው፤ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። ወለሎቹን የተሸከሙት የብረት ዓምዶችና አግዳሚዎች፣ በመካከላቸውም የጡብ ቅስቶች ናቸው። እንጨት የተተወው እሳት በመፍራት ነው፤ የማሽን ዘይት የጠጣ የእንጨት ወለል በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። ይሁንና ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ጫናን (መጨመቅን) በደንብ ሲችል ውጥረትን (መጎተትን) አይችልም፤ ሳይጎብጥ ድንገት ይሰበራል። የዘመኑ መሐንዲሶች ውጥረቱ የሚበረታበትን የአግዳሚውን የታችኛውን ጠርዝ የሚያሰፉት ለዚህ ነበር።

ቀጥሎ ቦዩን ተሻግረን በ1868 የተሠራውን የአዲሱን ፋብሪካ ጭስ ማውጫ እናያለን፤ ቅርጹ የተወሰደው ከቬኒስ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ነው።

ምቹ ጫማና የዝናብ ልብስ ያዙ። ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ፣ ምሳም ከቤት እንያዝ ወይስ እዚያው እንብላ የሚለውን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።