ኮምፒውተር ብትሆን ኖሮ እፈርም ነበር

ውድ ጓዴ፣

አለህ ወይ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትል ይታየኛል። «ገንዘብ ቢቸግረው ነው» ትል ይሆናል። ነገሩ የገንዘብ ነው፤ ግን እንዳሰብከው አይደለም።

ሰሞኑን አንጎላችን ስለ ገንዘብ እንዴት እንደሚወስን ሳነብ ነበር። አንድ ጨዋታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ቨርነር ጉት የሚባል ጀርመናዊ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሞከረው። ለሁለት ሰዎች ገንዘብ ይቀርባል። አንደኛው አከፋፈሉን ይወስናል። ሌላው እሺ ካለ በዚያው ይካፈላሉ፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በሂሳብ ከሄድክ ሁለተኛው ሰው ሳንቲም ቢሰጡትም መውሰድ አለበት፤ ከምንም ይሻላላ። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ድርሻው በጣም ሲያንስበት «ገደል ይግባ!» ብሎ ይተወዋል።

ማን ትዝ አለህ? አብረን ለሠራነው ሥራ «ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ ክፍያው አይወጣም» ሲሉን፣ ሩቡን ለእኔ ጽፈህ ወረቀቱን ገፋ አደረግክልኝ። እኔ እስክሪብቶውን ወርውሬ ወጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪው አለን ሳንፊና ባልደረቦቹ 19 ሰዎችን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ይህንኑ ጨዋታ አጫወቷቸው። የሚካፈሉት 10 ዶላር ነው። አንድ ወይም ሁለት ዶላር ብቻ ሲደርሳቸው ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ይሠራል። መጥፎ ሽታ ወይም ጣዕም ሲያስጠላንም የሚነቃው ይኸው ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ሥራ ብዙ ስለሆነ አፌን ሞልቼ መናገር ባልችልም፣ ያን ቀን «አንገሸገሸኝ» ስልህ ያጋነንኩ አይመስለኝም። ደግሞ ሁሉም እኩል አይደለም። ኢንሱላቸው አብዝቶ የነቃባቸው ሰዎች እምቢታቸውም በዛ። የእኔን ዓመል ታውቀዋለህ።

የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ያንኑ አነስተኛ ድርሻ ያቀረበው ኮምፒውተር ሲሆን ሰዎቹ በተሻለ ይቀበሉታል፤ ኢንሱላውም ያን ያህል አይቆጣም። እዚህ ጋ ስደርስ ንባቡን አቆምኩ። ያንን ሩብ ማሽን ቢያካፍለኝ ፈርሜ፣ አመስግኜ እሄድ ነበር። ያቃጠለኝ ካንተ መምጣቱ ነው።

እና ሁሉን በንዴት እንዳላሳብብ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዋ ዳሪያ ክኖክና ባልደረቦቿ የሠሩት አለ። ከቀኝ ግንባር ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል በመግነጢስ ምት ለጊዜው አዳከሙት። ሰዎቹ «ይሄ ፍትሐዊ አይደለም» ማለታቸውን አልተዉም፤ ግን አብዝተው ይቀበሉ ጀመር። እምቢ ማለት ለካ ጥቅምን መግታትም ይፈልጋል። ስለዚህ ግንፍል ብዬ ነው ብል አታምነኝ። እያወቅኩም ነበር።

አንተንስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ኪሳራ የሚያመን ያንኑ ያህል ትርፍ ከሚያስደስተን በላይ ነው። አሚግዳላ የሚባለው፣ ከፍርሃት ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው ሁለት ሴቶች ተፈትነው ይህ የኪሳራ ፍርሃት አልታየባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ነው። አንተ ግን ጤነኛ ነህ፣ ለዚያ ሥራ መነሻውን ከኪስህ ያወጣኸውም አንተ ነህ። እኔ ገና የሚገባውን ስቆጥር አንተ የወጣውን ትቆጥር ነበር። ይህን ያኔ አንዴም አልጠየቅኩህም። ጠይቄህ ቢሆን ስንት እንደምትለኝ አላውቅም።

ሩብ ግን አሁንም ያንሳል፤ ሲሶ ብትለኝ ኖሮ እያጉረመረምኩ እፈርም ነበር።

ወረቀቱን ካልጣልከው ላክልኝ። የክፍያው ጊዜ አልፎበት ይሆናል፤ ቢሆንም ላክልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው፣
እስክሪብቶ ወርዋሪው