የኮማንደርስ ክፍተት ከጫፉ ይልቅ መሀሉ ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ ስለ አሜሪካ ፉትቦሉ ቡድናችን ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ያወጣችሁትን የአንባብያን ክርክር አንብበናል። ወደ ጉዳዩ ሳንገባ አንዲት የቃል እርማት አለችን። ጽሑፉ «ኦፌንሲቭ ላይን»ን «የአጥቂ መስመር» ብሎታል። አጥቂ ሲባል የእኛ ሰው ወዲያው የሚያስበው ጎል አግቢ ነው። እነዚህ አምስት ሰዎች ግን ከ50 እስከ 79 ያለ ቁጥር ለብሰው ሰው ሲገፉ ነው የሚውሉት፤ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል እንኳ አይፈቀድላቸውም። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ኳሱን እስኪለቅ ሁለት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ያቆዩለታል። አጥር ቢባሉ ሳይሻል አይቀርም። እኛ ደጋፊው እንደሚጠራቸው «ላይኑ» እንላለን። መሀል ላይ ሴንተሩ፣ ከእሱ ግራና ቀኝ ሁለቱ ጋርዶች፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለቱ ታክሎች ይቆማሉ።

ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንዱ «ተንሲል መጣ፣ ኮነርሊ ተመረጠ፤ ከእንግዲህ ጄደን ዳንኤልስን የሚነካው የለም» ይላል፤ ሁለቱ አዲሶቹ ታክሎቻችን ናቸው፣ ዳንኤልስ ደግሞ ኳርተርባካችን። ሌላው «በ29ኛው ምርጫ ታክል ከመውሰድ የተቃራኒን ኳርተርባክ የሚያሳድድ ሰው ይሻል ነበር» ባይ ነው፤ ምርጫ የተባለው ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋች የሚወስዱበት ድራፍት ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ላይኑ ጫፎች ነው። ዘንድሮ የሚያሰጋው ግን መሀሉ ነው፤ ይልቁንም የቀኝ ጋርዱ ቦታ።

በመጀመሪያ 47 ስለምትለው ቁጥር። ዳንኤልስ በ2024 መደበኛ ጨዋታዎች 47 ጊዜ ሳክ ሆኗል፣ ማለትም ኳሱን ሳይለቅ ተይዞ ወድቋል፤ አንድ አንባቢ ሁሉንም በላይኑ ሒሳብ ላይ ጽፎታል። እዚህ ላይ አንስማማም። በማጥቃቱ አሠልጣኝ በክሊፍ ኪንግስበሪ አጨዋወት ዳንኤልስ ኳሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ከሴንተሩ 5 ያርድ ያህል ኋላ ቆሞ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ያርድ ቢያፈገፍግ ታክሎቹ የለመዱት ቦታ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ሰው ጎኑን ይዘው እየገፉ ከኳርተርባኩ ጀርባ ያሳልፉታል። ልጁ እግሩን ተማምኖ 10 ያርድ ድረስ ሲወርድ ግን ያ የተገፋ ሰው ዞሮ የሚያርፈው እሱው ላይ ነው። ታክሉ ሥራውን በደንብ ሠርቶ ጥፋቱ በስሙ ይመዘገባል። በእግሩ 891 ያርድ ሮጦ የሮበርት ግሪፊንን የጀማሪ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን የሰበረውም በዚሁ ጠባዩ ስለሆነ አንዱን ወዶ ሌላውን መጥላት አያስኬድም።

ላሬሚ ተንሲል በርካሽ አልመጣም። ለሂውስተን የ2025 የ3ኛና የ7ኛ ዙር፣ የ2026 የ2ኛና የ4ኛ ዙር ምርጫዎች ተሰጥተዋል፤ ከእሱ ጋር የተመለሰልን አንድ የ4ኛ ዙር ምርጫ ነው። ኦገስት ላይ 31 ዓመት ይሞላዋል። አምስት ጊዜ ለፕሮ ቦል፣ ማለትም ለሊጉ ምርጦች ስብስብ፣ የተመረጠ ሰው ስለሆነ በግራ በኩል ችሎታው አያጠያይቅም። የሚያስከፋው ሌላ ነገር ነው፦ ኳሱ ሳይነሣ ይነቃነቃል። ባለፈው ዓመት ከሊጉ ተጫዋቾች በብዛት ከተቀጡት አንዱ ነበር። ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ ነው ብሎ የሚያቃልል አለ፤ ነገር ግን መጀመሪያው ሙከራ 10 መሆኑ ቀርቶ 15 ያርድ ሲቀረው የሩጫው ጨዋታ ከደብተሩ ወጣ ማለት ነው፤ ተከላካዩም ያንን አውቆ ቀጥታ ወደ ኳርተርባኩ ይመጣል። ይህ የሚብሰው በሰው ሜዳ፣ ጩኸቱ ጆሮ ሲደፍን ነው። ያኔ ድምፅ ስለማይሰማ አንዱ ጋርድ ወደ ኋላ ዞሮ ዳንኤልስን ያያል፣ ሴንተሩን በእጁ ይነካዋል፣ ሴንተሩ ራሱን ቀና ዝቅ አድርጎ ኳሱን ይለቃል። ታክሉ ይህን ሁሉ በዓይኑ ጠርዝ መከታተል አለበት። ከአዲስ ጓደኞች ጋር ይህችን ልክ ለማግኘት የልምምድ ሳምንታት ይፈጃል።

ወደ ጆሽ ኮነርሊ እንምጣ። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የተጫወተው በግራ ታክል ነው። ግራው በተንሲል ስለተያዘ ወደ ቀኝ መሻገሩ ነው። «ታክል ታክል ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» ብሎ የጠየቀው አንባቢ በግራ እጁ እንጀራ ቆርሶ ወጥ እየጠቀለለ አንድ ምሳ ይብላ። በግራ የቆመ ታክል ግራ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ይነሣል፤ በግራው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ በቀኙ ይገፋል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ሁሉም ይገለበጣል፤ እግሩም፣ ዳሌውም፣ ቀድሞ የሚመታው እጅም። አሮጌው ልማድ ሲያሸንፈው ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ውጭውን ፈርቶ ዳሌውን ቶሎ ይከፍታል፤ ያኔ ተከላካዩ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ አስመስሎ በውስጥ በኩል ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ እግሮቹ ይቀራረባሉ ወይም ይቆላለፋሉ፤ እግሩ የተቆላለፈ ሰው 141 ኪሎ ቢመዝንም በአንድ እጅ ይወድቃል።

ይሳካል ወይ ለሚለው ከዚያው ከኦሪገን የመጣ ምሳሌ አለ። ፔኔ ሴዌል በ2021 በ7ኛው ምርጫ ዲትሮይት ሲገባ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ፤ በዝግጅት ጨዋታዎቹ ሲንገዳገድ አይተው «አይሆንም» ያሉ ብዙ ነበሩ። ዛሬ ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ነው። ይህን ስንል ኮነርሊ ሴዌል ነው ማለታችን አይደለም፤ ሴዌል ሲመረጥም በጉልበቱ የታወቀ ነበር፣ የኮነርሊ ብርታት ደግሞ እግሩ ነው።

የጉልበቱን ነገር ካነሣን፣ በየስልኩ የሚዞረውን የሞቢል፣ አላባማ ልምምድ ቪዲዮ ያላየ ደጋፊ ያለ አይመስለንም። የማርሻል ዩኒቨርሲቲው ማይክ ግሪን ኮነርሊን በቀጥታ ገፍቶ ሲጥለው የሚያሳየው ማለታችን ነው። አብዛኛው ሰው «ደካማ ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ቀስ አድርጋችሁ ብታዩት ግን ጥፋቱ ክንዱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱና ቁመቱ ላይ ነው። እጆቹ ዘግይተው ተነሡ፤ ግሪን ቀድሞ ከደረቱ ገባ። ከዚያ ኮነርሊ ጉልበቱን በማጠፍ ፈንታ ወገቡን ቀና አደረገ፣ ክብደቱ ወደ ተረከዙ ሄደ፤ ተረከዙ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ለመውደቅ ጣት ይበቃዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዳሌን ዝቅ፣ እግርን ከትከሻ ሰፋ፣ እጅን ከተቃራኒው ብብት በታች አስገብቶ ወደ ላይ ማንሣት። በቀጣዮቹ የልምምድ ቀናት ተሻሽሎ መታየቱንም አብሮ መናገር ይገባል። ዳንኤልስ በቀኝ እጁ ስለሚወረውር ከኮነርሊ በኩል የሚመጣውን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ጀማሪን ለማለማመድ ከቀኝ የተሻለ ቦታ የለም።

ስለ ክንድ ርዝመት የተጻፈውን በአጭሩ እንለፈው። ኮነርሊ 33 ተኩል ኢንች ነው፣ ይበቃል። የክንድ ልኬት ከትከሻ አጥንት እስከ መሀል ጣት ጫፍ በሜትር የሚወሰድ ስለሆነ በለካው ሰው እጅም ይለያያል። ዳንኤልስን ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሳለ በግራ ታክልነት ይጠብቀው የነበረው ዊል ካምቤል ከድራፍቱ በፊት ኢንዲያናፖሊስ ላይ 32 ከ5/8፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ 33 ኢንች ተለካ። ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ አገር ምድሩ ግን አንድ ወር ተወዛገበበት። ኒው ኢንግላንድም በ4ኛው ምርጫ ወሰደው።

አሁን ወደ መሀሉ። ጃንዋሪ 18፣ የከተራ ዕለት፣ ዲትሮይትን 45 ለ31 ስናሸንፍ የቀኝ ጋርዳችን የሳም ኮዝሚ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። የዚህ ዓይነት ጉዳት በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። አስሉት፦ ቢፈጥን ኦክቶበር አጋማሽ ነው። የጋርድ ሥራ ደግሞ ጉልበትን አጥፎ የሚገፋን ሰው መሸከም ስለሆነ፣ ዳነ በተባለበት ሳምንት ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል ማለት ዘበት ነው። በዚያ መሀል የምድባችን ተጋጣሚዎች መሀል ላይ ያሰለፉትን አስቡ። ፊላዴልፊያ ጄለን ካርተር አለው። ኒው ዮርክ ጃያንትስ ወደ 340 ፓውንድ የሚጠጋው ዴክስተር ሎውረንስ አለው፤ ከጎኑ ብራያን በርንስና ዘንድሮ በ3ኛው ምርጫ የገባው አብዱል ካርተር ይሰለፋሉ። ዳላስም አምና ማይካ ፓርሰንስን ከጫፍ ወደ መሀል እያዘዋወረ ያስገባ ነበር።

ከጫፍ የሚመጣን ዳንኤልስ ያመልጠዋል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገብቶ ሮጦ ይወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ያየነው ይህንኑ ነው። ከመሀል ሲመጣ ግን የሚገባበት ፊቱ ይዘጋል፤ ኳሱን ለመወርወር እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል፤ ወደ ጎን ሲሸሽ ደግሞ ከጫፍ የተያዙት ይጠብቁታል።

ተቃራኒዎች ይህን ቀዳዳ የሚከፍቱበት መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ስሙም «ስታንት» ይባላል። መሀል ያለው ተከላካይ ወደ ውጭ ተወርውሮ ታክላችንን ይመታል፤ ጫፍ ያለው በእሱ ጀርባ ዞሮ ወደ መሀል ይገባል። ጋርዱና ታክሉ ሰው መለዋወጥ አለባቸው። መለዋወጥ የሚቻለው ግን ሁለቱ ከመስመሩ እኩል ርቀው ሲቆሙ ነው። ታክሉ ሁለት ያርድ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ጋርዱ እዚያው መስመሩ ላይ ከቀረ በመሀላቸው በር ይከፈታል። ጋርዱ ሰውየውን ተከትሎ ትከሻውን ካዞረም ያው ነው፤ የሚዞረውን ሁለተኛ ሰው አያየውም። ጀማሪ ቀኝ ታክልና ተለዋጭ ቀኝ ጋርድ ጎን ለጎን ሲቆሙ የተጋጣሚ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ሦስተኛ ሙከራ የሚልከው ይህንን ነው።

ታዲያ ማን ይቁም? ጋዜጣችሁ ላይ የተጻፈው አንድ ሐሳብ በ2024 በ67ኛው ምርጫ የመጣውን ብራንደን ኮልማንን ግራ ጋርድ አድርጎ ኒክ አሌግሬቲን ወደ ቀኝ ማሻገር ነው። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ግን ሁለት ሰው ያናውጣል። ኮልማን አምና በግራ ታክልነት የለመደውን ትቶ ጋርድ ይሆናል፣ አሌግሬቲም ጎን ይቀይራል፣ በዚያ ላይ ኮነርሊ አለ፤ ከአምስቱ ሦስቱ እንግዳ ማለት ነው፣ አዲሱ ተንሲል ሳይቆጠር። እኛ የምንመርጠው አሌግሬቲና ሴንተሩ ታይለር ቢያዳዝ አምና በነበሩበት እንዲቆዩ፣ አንድሩ ዋይሊም ከቀኝ ታክል ወደ ቀኝ ጋርድ እንዲገባ ነው። ዋይሊ በካንሳስ ሲቲ ጋርድ ሆኖ ተጫውቷል፣ ቀኙን ያውቀዋል፣ «ተለዋወጥ!» ብሎ ጀማሪውን በጊዜ የሚጠራ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ጉድለቱ ቁመቱ ነው። ረጅም ሰው ዝቅ ማለት ይከብደዋል፤ ሎውረንስ ከሥር ከገባ ያነሣዋል። ስለዚህ ጃያንትስ ሲመጣ ቢያዳዝ ፊቱን ወደ ቀኝ አድርጎ እንዲያግዘው ጥሪው ቀድሞ መሰጠት አለበት። ያን ጊዜ አሌግሬቲ በግራ ብቻውን ይቀራል፤ ለዚህ ሲባል ነው ተንሲል ያን ያህል ዋጋ የተከፈለበት፤ እሱ እርዳታ አይፈልግም።

«ጥሩ ላይን በመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው የሚሠራው» ላሉት ደግሞ የዚህችኑ ከተማ ታሪክ እናስታውሳቸው። በ1982 በልምምድ ላይ ጆ ቡጀል የተባለው አሠልጣኝ የዚያን ጊዜውን የዋሽንግተን ላይን ሰዎች «ሆግስ» አላቸው፤ ትርጉሙ አሳማዎች ነው፤ ለእኛ ጆሮ ባይጥምም እነሱ ኮርተውበታል። ጆ ጃኮቢና ጄፍ ቦስቲክ በድራፍት ጨርሶ አልተመረጡም። ረስ ግሪም የ3ኛ ዙር ነው፤ በ2010 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ጃንዋሪ 1983 ማያሚን 27 ለ17 ባሸነፉበት ሱፐር ቦል ጆን ሪጊንስ በአራተኛ ሙከራ፣ አንድ ያርድ ሲቀር፣ 43 ያርድ ሮጦ ያገባው በእነሱ በኩል ነው። ዓመት ከዓመት ጎን ለጎን መቆማቸው ከምርጫ ቁጥራቸው በልጦ ነበር።

ሴፕቴምበር 7፣ ለእንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው፣ ላንዶቨር ላይ ጃያንትስን እንገጥማለን። ትኬት የምትገዙ ከጎን ሳይሆን ከጎሉ ጀርባ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የአምስቱ ሰዎች ርቀት እኩል መሆን አለመሆኑ የሚታየው ከዚያ ነው። ኳሱን አትከተሉ። ኳሱ በተነሣ በመጀመሪያው ሰከንድ ቀኝ ጋርዱንና ኮነርሊን ብቻ እዩ፤ በመካከላቸው የሰው ስፋት ክፍተት ካያችሁ የቀረውን ዳንኤልስ በእግሩ ካልፈታው ማንም አይፈታውም።

እስከዚያ መታገሥ ለማይችል፣ ኦገስት 23፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ባልቲሞር ለዝግጅት ጨዋታ እዚያው ሜዳ ይመጣል። ኮነርሊን የጣለው ማይክ ግሪን በ2ኛው ዙር የተመረጠው በእነሱ ነው። አሠልጣኞቹ ሁለቱን ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ካገናኟቸው የኮነርሊን ተረከዝ ተመልከቱ።

ከአክብሮት ጋር
የኮማንደርስ ደጋፊዎች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ