የወፍ አዳኝ ውሻ ሥልጠና፦ መጽሐፉም መምህሩም ያስፈልጋሉ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የአንባብያን ገጽ ላይ፣ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለምናሳድጋቸው ውሾች የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ውሻ ለማሠልጠን ከእንግዲህ መጽሐፍ ማገላበጥም ሆነ የአዋቂ ደጅ መጥናት አያስፈልግም፣ በስልክ የሚታዩ አጫጭር ቪዲዮዎችና አንገት ላይ የሚታሰር ነዛሪ መሣሪያ ይበቃሉ ብለዋል። ቤት ስለሚጠብቅ ውሻ ከሆነ የምከራከራቸው ነገር የለኝም። እርሳቸው ግን በጽሑፋቸው መሐል ወፍ አሽትቶ የሚያገኘውን የአደን ውሻም ጨምረው ስለጠቀሱ፣ ምክራቸውን የተከተለ ሰው ጥሩ ውሻ ያበላሻል ብዬ እሰጋለሁ። ይህን የምለው ከእርሳቸው የተሻልሁ አዋቂ ሆኜ ሳይሆን፣ አንዲት ጥሩ ውሻ በገዛ እጄ ለማበላሸት ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ነው።

የምኖረው በጆርጂያ ደቡብ ጫፍ፣ በቶማስቪል ከተማና በፍሎሪዳዋ ታላሃሲ መካከል በተዘረጋው የጥድ ምድር ነው። እዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ የሚታደነው ወፍ ድርጭት ነው፤ ሆኖም እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት ድርጭት ሳይሆን፣ ወንዱ ከሚያሰማው ጩኸት የተነሣ ቦብዋይት የሚባል የአሜሪካ ወፍ ነው። በብርዱ ወራት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑት አብረው ይውላሉ፤ ማታም አደጋ ቢመጣ ሁሉም በየአቅጣጫው ለመብረር እንዲችሉ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በክብ ተጠጋግተው ያድራሉ። ድርጭቱ እንደ አገራችን ቆቅ ነቅቶ ቀድሞ አይሸሽም፤ ሰው ሊረግጠው እስኪደርስ ድረስ ሣር ውስጥ ተለጥፎ ይቆይና ድንገት ከእግር ሥር ቱር ይላል። ስለዚህ ያለ ውሻ ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ አጠገቡ አልፎ መሄድ ነው።

ፖይንተርና ሴተር የሚባሉት ዝርያዎች ሽታውን ከነፋሱ ላይ ይዘው፣ ወፎቹን ሳያስደነግጡ ራቅ ብለው እንደ ሐውልት ይቆማሉ። ይህን አቋቋም ማንም አያስተምራቸውም። አውሬ ያደነው ላይ ከመዝለሉ በፊት ለአንድ አፍታ ቀጥ የሚልባት ቅጽበት አለች፤ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እየመረጡ በማዳቀል ያረዘሙት ያችን ቅጽበት ነው። ከጠመንጃ በፊት በነበረው ዘመን ሴተሩ መሬት ላይ አጎንብሶ ወፎቹን ሲያመለክት አዳኞቹ መረብ ይጥሉባቸው ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ አሠልጣኝ የሚጨምረው ነገር ቢኖር፣ አዳኙ ደርሶ ወፎቹን እስኪያስነሣና እስኪተኵስ ድረስ ውሻው ባለበት እንዲጸና ማድረግ ብቻ ነው። ይህ «ብቻ» የሚሉት ነገር ነው እኔን ሁለት ዓመት የፈጀብኝ።

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ነጭ ላይ ቡናማ ጣል ጣል ያለባት የፖይንተር ቡችላ ገዝቼ ሸጋ ብዬ ስም ባወጣሁላት ዓመት፣ መንገድ ላይ በማድርባቸው ሌሊቶች አሮጌ የውሻ ሥልጠና መጻሕፍት ማንበብ ጀመርሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የገዛሁት ሃቺንሰን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን እ.ኤ.አ. በ1848 ያሳተመውን ነው። በዚያ ዘመን ውሻን ማሠልጠን በእንግሊዝኛ «መስበር» ይባል ነበር፣ የመጽሐፉም ርእስ ይህንኑ ቃል ይዟል፤ ይዘቱ ግን ከርእሱ እጅግ የለዘበ ነው። ውሻው ሜዳ ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲማር፣ የእጅ ምልክት እንዲያውቅ፣ አሠልጣኙም ቁጣውን እንዲገዛ ይመክራል። ለመቆም «ቶሆ» የሚል ቃል ያስተምራል፤ ተኩስ ሲሰማ ደግሞ ውሻው መሬት ላይ እንዲተኛ ያዝዛል።

እኔም ዳዊት እንደሚደግም ሰው ቃል በቃል ተከተልሁት። ሸጋን በመጀመሪያ በእጅ ጭብጨባ፣ በኋላም ከርቀት በሚተኰስ የልምምድ ሽጉጥ «ተኚ» እያልሁ አስተማርኋት፤ ብልህ ስለነበረች ፈጥና ያዘችው። ኅዳር ሲገባ ሜዳ ወጣን። የመጀመሪያውን የድርጭት መንጋ አግኝታ ስትቆም እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ጠመንጃዬን ይዤ ስጠጋት ግን ሆዷን ከመሬት ለጥፋ ተኛች። በማግሥቱ እኔ ሳልጠጋም ሽታው እንደደረሳት ትተኛ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ወፎቹን ማሽተቷ ፊቷ ላይ በግልጽ እየታየ፣ አይታ እንዳላየች ዞር ብላ ወደ እኔ ትመለስ ነበር። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጎረቤቴ አማት የሆኑ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት እንዲያዩልኝ የለመንሁት በዚያን ጊዜ ነው። እንግዶች በበቅሎ በሚሳብ ሠረገላ ተቀምጠው ከሚያድኑባቸው ሰፋፊ ርስቶች በአንዱ ከአርባ ዓመት በላይ ውሾችን የያዙ ሰው ናቸው። በዚህ አካባቢ ውሾቹን በማሠልጠንና በመምራት ብዙውን ሥራ የሠሩት እንደ እርሳቸው ያሉ ጥቁሮች ናቸው፤ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ግን ስማቸውን እምብዛም አናገኝም። በልቤ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። ጋሼ ሸጋን ሩብ ሰዓት ያህል ሲመለከቱ አንድም ጊዜ አፍንጫዋን አላዩም፣ ጅራቷን ብቻ ነበር የሚያዩት። ከዚያም የትኛውን መጽሐፍ እንዳነበብሁ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸውም ሣቁ። «ልጄ፣ ያ መኰንን ጠመንጃውን የሚያጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበርኮ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን አዳኙ አንድ ጊዜ ከተኰሰ በኋላ ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዙ ጨምሮ እስኪጠቀጥቅ ድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ውሻው ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ መጠበቅ ነበረበት፤ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ራሱ «ጥይት ሳጎርስ ተኛ» እንደ ማለት ነው። ዛሬ ጠመንጃው በቅጽበት ይጎርሳል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጅራቱን አቅንቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ የማይቆም ጠቋሚ ውሻ እንደ ጉድለተኛ ይቈጠራል። ቤት ገብቼ መጽሐፉን እንደገና ስገልጠው ቃሉ ከነትርጕሙ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። አንብቤው ነበር፤ ከምን ዘመንና ከምን ዓይነት መሣሪያ እንደመጣ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ግን አልገባኝም።

ጋሼ ያዘዙልኝ መድኃኒት ቀላል የሚመስል ነገር ግን የሚያስጨንቅ ነበር፤ ለሁለት ወር አንዲት የትእዛዝ ቃል እንዳልናገራት ከለከሉኝ። ሸጋ ወፍ ታስነሣለች፣ ታሳድዳለች፣ እኔ ከኋላ ዝም ብዬ እከተላለሁ። ጭራዋ ከፍ ብሎ መርገብገብ ሲጀምር ብቻ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ አስያዙኝና በርግቦች እንደ አዲስ ጀመርን። የአካባቢው አሠልጣኞች ለማስቆም «ዎ» ይላሉ፤ እኔ ግን በራሴ ቋንቋ ማዘዝ እንደምፈልግ ነገርኋቸው። ሴት ስለሆነች በሰዋስው ሕግ «ቁሚ» ማለት ነበረብኝ፤ ሆኖም ትእዛዝ አጭርና ጠንካራ ሲሆን ይሻላል ስላሉኝ «ቁም» አልኋት፤ ይህን የሰሙ አንድ አማርኛ አዋቂ ወዳጄ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል። ጋሼ «ቁ»ን ማውጣት አቅቷቸው «ኩም» ይሏት ነበር። እርሷ በሦስት ቀን ሁለቱንም አወቀች።

ስለ መጻሕፍት ያለኝን አስተያየት የለወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ በመኪናቸው ወንበር ሥር አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የታተመው የሚሲሲፒው አሠልጣኝ የኤር ሼሊ መጽሐፍ ነው። (ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1911 ግድም ከአንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ጋር ዛሬ ኬንያ ወደምትባለው አገር ተሻግሮ በውሾች አንበሳ ያሳደነ ሰው መሆኑን ሳውቅ፣ ከእኛ ድንበር ያን ያህል ሳይርቅ መድረሱ አስገርሞኛል።) የመጽሐፉ ኅዳግ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተጽፎበታል። በአንዱ ገጽ «በሞቃት ቀን አይሁን» ይላል፤ በሌላው «ለፈሪ ውሻ አይደለም»፤ በሌላው ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ወደ ቤት»። አንዳንድ አንቀጽ ጭራሹን ተሰርዟል። በአገራችን የትርጓሜ ተማሪ ንባቡን ብቻ ይዞ እንደማይመረቅ፣ «አንድም» እያለ የሚያፍታታለት መምህር እግር ሥር መቀመጥ ግድ እንደሚሆንበት የምታውቁ አንባብያን፣ ያን መጽሐፍ ሳይ የተሰማኝን ስሜት ሳልገልጸው ትረዱታላችሁ።

መምህር አይሳሳትም ማለቴ ግን አይደለም። ጋሼ ቡችላ ምግብ በሚበላበት ሰዓት አጠገቡ ድስት ማንኳኳት ተኩስ እንዳይፈራ ያደርገዋል ብለው ያምኑ ነበር። በእኔ አስተያየት በሳህኑ ላይ ያጎነበሰ ቡችላ መሸሻ የለውም፣ ከደነገጠም ምግቡን ጭምር ሊጠላ ይችላል፤ ወፍ በማሳደድ ላይ ሳለ ከሩቅ የተተኰሰለት ግን ልብ እንኳ ሳይለው ይለምደዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ ገልጬ ተከራከርኋቸው። «እናያለን» ብለው ዝም አሉ፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ቡችሎች ላይ ግን ድስቱን አላነሡም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1964 መጽሐፉን ያሳተመውን የፖይንተር አርቢ የሮበርት ዌልን ጽሑፍ ያነበብነው አብረን ነው፤ ውሾቹ የሚጠሩበት «ኤልሁ» የሚለው ስም የራሱ የአባት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ መሆኑን ስነግራቸው እጅግ ተደሰቱ።

ወደ ቪዲዮዎቹ ልመለስ። ቪዲዮው የተሳካውን ደቂቃ ያሳያል እንጂ ከዚያ በፊት የነበረውን አርባ ቀን አያሳይም። ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር፣ ሣሩ በጤዛ ረጥቦ ሽታ ይይዝ ወይም ደርቆ ያባክን እንደነበር፣ ውሻው ከዚያ በፊት ስንት ወፍ እንዳገኘ ከስልኩ መስታወት ላይ ማወቅ አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቪዲዮው የእናንተን ውሻ ጅራት አያይም። ነዛሪውን መሣሪያ በተመለከተ፣ ጋሼም አንድ ነበራቸው፤ የሚጠቀሙበት ግን ውሻው ትእዛዙን በገመድ ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ፣ ገመድ በማይደርስበት ርቀት ላይ ለማስታወስ ብቻ ነበር። ትእዛዙን ገና ያልተማረ ውሻ ወፍ እየሸተተው ሳለ ቢነዘር፣ ሕመሙ ከወፉ የመጣ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ወፍ ሲሸተው ፊቱን ቢያዞር ማን ይፈርድበታል?

ለጸሐፊው ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከዝግጅት ክፍሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ እንስሳት ሥልጠና ምክር በምታወጡበት ጊዜ ሁሉ፣ መካሪው ትምህርቱን ከማን እንደቀሰመና በምን ዓይነት ውሻ ላይ እንደሞከረው በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገልጽ ብታደርጉ ለአንባቢ ይጠቅማል። በየአካባቢያችሁ ጋሼን የመሰለ ሰው የምታውቁ አንባብያንም ሂዱና ጠይቋቸው፤ አብዛኞቹ አድካሚ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አያሰለቻቸውም። እኔ ያልታረደ ስለማልበላ ያደንሁትን ድርጭት ሁሉ ለጋሼ ቤት ነበር የማስረክበው፤ ከትምህርቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን እዚህ ግባ የሚባል ክፍያ አልነበረም።

ጋሼ ዓይናቸው ስለደከመ ባለፈው የካቲት መጽሐፉን ለእኔ ሰጥተውኛል። ሸጋ አርጅታ ምድጃ አጠገብ ትውላለች፤ የልጅ ልጇን እያሠለጠንሁ ነው። በኅዳጉ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በአማርኛ መሙላት ጀምሬአለሁ፤ ስለ ማስቆም በሚናገረው ምዕራፍ፣ ከጋሼ የእርሳስ ጽሑፍ ሥር የጻፍሁት የመጀመሪያው ማስታወሻ «ለሴትም ቢሆን ቁም በል» የሚል ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደቡብ ጆርጂያ