ዝምታው የአመል አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ለመጫወት የመጀመሪያው ጥቁር ስለሆነው ስለ ጃኪ ሮቢንሰን ከተሠራው “42” ፊልም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጸሐፊያችሁ ጃኪን ትዕግሥተኛና ዝምተኛ ሰው ብለው አለፉት። እኔ ፊልሙን ሁለቴ አይቼዋለሁ (የቤዝቦል ሕጉ አሁንም በቅጡ አልገባኝም)፣ ሰውየው ዝምተኛ አልነበረም። ዝም ለማለት ቃል ስለገባ ነው ዝም ያለው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ቴክሳስ ውስጥ የጦር መኮንን ሳለ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ጥቁር ስለሆነ “ወደ ኋላ ሂድ” ቢለው አሻፈረኝ ብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ድረስ የቀረበ ሰው እኮ ነው! ያውም ጥቁሯ የመብት ታጋይ ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ ከወንበሬ አልነሳም ከማለቷ 11 ዓመት ቀድሞ። ክሱን ረትቶ ነፃ ወጣ። ፊልሙ ይህን አያሳየንም፣ የሚጀምረው ከ1945 ነውና። ይህንን ካላወቅን ደግሞ የብሩክሊን ዶጀርስ ክለብ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ሊያስፈርመው ሲል “ቢሰድቡህም አትመልስ” ያለው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይገባንም። በ1947 የተጋጣሚው የፊላዴልፊያ ክለብ አሰልጣኝ ቤን ቻፕማን ያን ሁሉ ስድብ ሲያወርድበት፣ የመጫወቻውን ዱላ በእጁ ይዞ ቆሞ መስማት! ጃኪን ሆኖ የሚተውነው ቻድዊክ ቦስማን ያቺን ቦታ በመንጋጋው ነው የተወናት።

በ1949 አፉን ፈታ። ከዳኛ ጋር ይከራከራል፣ የመሰለውን ይናገራል፣ ዝም ባለ ጊዜ ያመሰገኑት ጋዜጦች “አመሉ ከፋ” ማለት ጀመሩ። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ይሄኛውን ጃኪ ፊልሙ ላይ አታገኙትም፣ 1947 ላይ ያልቃላ።

ሃሪሰን ፎርድ የተወነው ሪኪም ትንሽ በዛብኝ። ደፋር ነበር፣ አልክድም። ግን ጃኪን የወሰደው ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ከሚባለው የጥቁሮች ክለብ ሲሆን፣ ለክለቡ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። ሌሎቹም ክለቦች ምርጦቻቸውን እየተነጠቁ ተመልካች አጡ፣ ሊጋቸውም ቀስ በቀስ ከሰመ።

ከሁሉ የገረመኝ ዌንዴል ስሚዝን መዝለላችሁ ነው። ጃኪን ለሪኪ የጠቆመው እኮ ይህ ጥቁር ጋዜጠኛ ነው! የጋዜጠኞች ቦታ ለጥቁር ዝግ ስለነበር፣ ተመልካች መሀል ተቀምጦ ታይፕራይተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጽፍ ፊልሙ ላይ ይታያል። እናንተም ጋዜጠኞች ናችሁ፣ ስለሱ አንድ ገጽ ብትጽፉልን ምን ይመስላችኋል?

አንባቢያችሁ