ሱስ የያዘው ልጅ እዚሁ ጎንደር ይታከም፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በከተማችን የሱስ ሕክምና አገልግሎት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የከተማችን የሥራ ኃላፊዎች፣

በጎንደር ከተማ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ሆኖ ሳለ በአደባባይ የሚነገረው ጥቂት በመሆኑ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በአደንዛዥ ዕፅ፣ በመድኃኒት ወይም በመጠጥ ሱስ የተያዘ ሰው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ካርድ አውጥቶ የሚታከምበት አሠራር በከተማችን ይዘርጋልን።

በሥራ ቦታዬ የማየውን ላስረዳችሁ። ወደ ማታ፣ ገበያው ጭር ሲል፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ይመጣና የተጣጠፈ የሐኪም ማዘዣ ያቀርብልኛል። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል፤ የታካሚው ስም የሴት ነው፤ ትራማዶል ከሚለው ቃል ጎን በተጻፈው የፍሬ ብዛት ላይም በሌላ እስክርቢቶ አንድ ዜሮ ተጨምሮበታል። አልሸጥልህም ስለው አይቆጣም። «እሺ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ» ብሎ ይለምነኛል፤ ሲናገር ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። መልሼ እሰደዋለሁ፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት እንደማያጣ ግን እሱም እኔም እናውቃለን። ይህን የምለው በሙያ ባልደረቦቼ ላይ ጣቴን ለመቀሰር ብዬ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሕሊናቸውን ጠብቀው የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን የመድኃኒት ቤቶች የሽያጭ መዝገብና የተረከቡት መጠን በየጊዜው ቢመሳከር ኖሮ ጥቂቶቹ እንዲህ ባልደፈሩ ነበር።

ትራማዶል ለጠና ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ፣ ከሞርፊን ወገን የሚመደብ ማስታገሻ ነው። ከመጠን በላይ ሲወሰድ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ከአልኮል ወይም እንደ ዲያዚፓም ካሉ የማረጋጊያ መድኃኒቶች ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ለረዥም ጊዜ የለመደው ሰው በድንገት ሲያቆመው ያልበዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍም በዐይኑ አይዞርም። ብዙዎቹ ልጆች መድኃኒቱን መዋጥ የሚቀጥሉት ደስታ ፍለጋ ሳይሆን ይህን ስቃይ ሸሽተው እንደሆነ ከአንደበታቸው ሰምቻለሁ።

በሰፈሬ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው በራሱ ፈቃድ ሊያቆም ሞክሮ ሌሊቱን ሲያቃስት ቢያድርባቸው ጎህ ሲቀድ ወደ አንድ የጤና ተቋም ይዘውት ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ «ይህ በሽታ አይደለም፤ ልጅዎን ይምከሩት» የሚል ነበር። ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ መምከሩንስ መክሬዋለሁ፤ የት ልውሰደው?» አሉኝ። አዲስ አበባ የሚገኘውን የአማኑኤል ሆስፒታል ከመጥቀስ በቀር የማሳያቸው ቦታ አልነበረኝም፤ ያ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ፣ መንገዱ በማያስተማምንበት በዚህ ዘመን ለአንዲት የጉሊት ነጋዴ የማይታሰብ ጉዞ ነው። ልጁ በዚያው ቀን ወደ መድኃኒቱ ተመለሰ።

ሕግ አጥተን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሺሻን የከለከለ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ሲጋራና አልኮል እንዳይሸጥም ደንግጓል። በተግባር የምናየው ግን አፈሳን ነው። ሺሻ ቤት ይፈተሻል፣ ዕቃው ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ውስጥ የተገኙት ልጆች በመኪና ተጭነው ጣቢያ ይወሰዱና ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቀቃሉ፤ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ በሌላ ሰፈር ይከፈታል። አዘዋዋሪው መያዙን እደግፋለሁ፤ በተለይ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ኮንትሮባንድ የሚመላለስበት በመሆኑ በዚያ የሚደረገው ቁጥጥር ቢጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባም። ተጠቃሚው ልጅ ግን ከጣቢያ ሲወጣ ሱሱም አብሮት ይወጣል፤ ሊረዳው የሚችለውን ቤተሰቡንም ከዚያ በኋላ በሐፍረት ይርቃል።

ስለ ጫት ዝም ብዬ ባልፍ ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። ጫት በአገራችን ሕግ ያልተከለከለ፣ ብዙ ገበሬና ነጋዴ የሚያድርበት ምርት ስለሆነ ይከልከል ብዬ አልጠይቅም። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለ ወጣት ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ ጠዋት ድብርቱን ለማባረር እንደገና ይቅማል። በዚህ መሐል ነው አንዱ ጓደኛው ፍሬ መድኃኒት የሚያቀምሰው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪና የቴዎድሮስ ግቢዎች አካባቢ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደጃፍም ጭምር፣ ጫት ቤቱና መጠጥ ቤቱ ጎን ለጎን ፈቃድ ሲያገኙ ይህን የዕለት ዑደት እያመቻቸንለት መሆኑን የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ቢያጤነው መልካም ነው።

በፒያሳና በአራዳ ማስቲሽ በፕላስቲክ ይዘው የሚስቡት ሕፃናት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እነርሱ ማስቲሹ ረኃብና ብርድ ያስረሳናል ይላሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱ የሕክምናው መጀመሪያ ምግብና መጠለያ ነው።

የከተማችን ችግር ከየት እንደበረታ ሁላችንም እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት የፋሲል ግንብን ጎብኚ አርቋል፤ በአስጎብኚነት፣ በሆቴልና በትራንስፖርት ይተዳደር የነበረውን ወጣትም ሥራ ፈት አድርጎታል። ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ ሱስ በእነዚህ ዓመታት የያዘው ልጅ ሰላም በወረደ ማግስት በራሱ የሚድን አይደለም።

ሕክምናውን ማን ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ ጎንደር መልስ የማታጣ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲያችን ሲመሠረት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጤና መኮንንና የማኅበረሰብ ነርስ አሠልጥኖ ሐኪም ወደሌለበት ገጠር የላከ የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ዛሬም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የመሙላት መርሐ ግብርም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ የአልኮልና የዕፅ ሱስን መለየት፣ ማማከርና ከሱስ የመላቀቁን ስቃይ ማከም በጤና ጣቢያ ያሉ፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች በአጭር ሥልጠና ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። በአዘዞና በማራኪ ጤና ጣቢያዎች አንዳንድ ክፍል፣ የሠለጠኑ ነርሶችና አማካሪ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት፣ እንዲሁም የጠናበትን ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚልክ ሥርዓት ለመነሻ ይበቃል። የታካሚው ካርድ ለፖሊስ እንደማይተላለፍ ጤና መምሪያውና ፖሊስ ተስማምተው በይፋ ያሳውቁልን። የባለሙያ ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም ሕዝቡ ይህን ካልሰማ አንድም ሰው አይመጣም።

አንድ ጉዳይ በተለይ አደራ እላለሁ። ብዙ ቤተሰብ በመጠጥ የተጎዳ ልጁን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጸበል ነው። ጸሎቱም፣ ከመሸታ ቤት ርቆ በሱባኤ መሰንበቱም ታላቅ እገዛ እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊንፈራገጥ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከልም ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊታየውና ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ይህ ሁኔታ በሕክምና ካልተያዘ ይገድላል። በአስታማሚው ዘንድ የመንፈስ ምልክት ተብሎ ከታለፈ ሰውየው በእጃችን ላይ ይጠፋል። ሀገረ ስብከቱና ጤና መምሪያው ተመካክረው በየጸበሉ ያሉ አገልጋዮች ይህን ምልክት እንዲለዩና በሽተኛውን በቶሎ ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩ ማሠልጠን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነፍስ የሚያድን ሥራ ነው።

ስለ መከላከል ብዙ አልጽፍም፤ የወጣት ማዕከላት ለአዳራሽ ኪራይና ለስብሰባ ከመዋላቸው በፊት የወጣቱ ይሁኑ፣ የየሰፈሩ ኳስ ሜዳ እየታጠረ ለግንባታ መሰጠቱም ይቁም እላለሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደነበረ ያየ ሰው የዚህ ወጣት ልብ የት እንዳለ ያውቃል። አይስላንድ ልጆቿን ከትምህርት ሰዓት ውጭ በስፖርትና በሙዚቃ በመያዝ፣ ወላጆችንም በማስተባበር፣ ባለፈው ወር ሰክረናል የሚሉትን የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1998 ከነበረበት 42 በመቶ በ2016 ወደ 5 በመቶ አውርዳለች። አገሩ ሀብታም ነው ይባል ይሆናል፤ ሜዳ አለማጠር ግን ሀብት አይጠይቅም።

በየዓመቱ ሰኔ 19 ቀን የሚከበረውን የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ቀን በሰልፍና በቲሸርት ማሳለፍ ለምዶብናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ከላይ የዘረዘርሁት አገልግሎት በሚቀጥለው በጀት ርእስ ተይዞለት እንዲጸድቅ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ በየትኛው ወር ሥራ እንደሚጀምርም በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችና በመድኃኒት ቤቶች ተለጥፎ እንዲነገረን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሥልጠናውም ሆነ ለመድኃኒት ቁጥጥሩ ሙያዬ በሚፈቅደው ሁሉ ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ፤ ሌሎች የሙያ ባልደረቦቼም ቢጠሩ እንደሚመጡ አልጠራጠርም።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር ከተማ የሚሠራ ፋርማሲስት