ደብዳቤ ለልጄ፦ መጨረሻው በእጅሽ ሳይገባ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ወገቡ ተሽሎታል።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ ነበር። የምትጽፊው ተከታታይ ልቦለድ አሥራ አንደኛው ክፍል መውጣቱን ስትነግረኝ ልቤ ሞላ። ቀጥላ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ሳትተኚ እንደሚነጋ፣ አዘጋጁ ረቡዕ በጠዋት «የት ደረሰ?» እያለ እንደሚደውልልሽ፣ በባዶ ሆድሽ ቡና ላይ ቡና እንደምትደራርቢ፣ ታሪኩ በምን እንደሚያልቅም ገና እንዳልወሰንሽ ጨመረችልኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ደጋግሜ እልሻለሁና አትሰልቺ፦ መጨረሻው በእጅሽ ሳይገባ መጀመሪያውን ለአዘጋጅ አትስጪ።

የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የኤልዛቤት ጋስኬልን መጻሕፍት ከመደርደሪያችን እያወረድሽ ነው ያደግሽው። እንዴት እንደተጻፉ ግን ቁጭ አድርጌ አልነገርኩሽም፤ ይህ ይቆጨኛል። አሁን ልንገርሽ።

የማንቸስተር ቄስ ሚስት ነበረች። በ1845 እ.ኤ.አ. አንድ ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጇ ስካርሌት ፊቨር በሚባለው በሽታ ሞተባት። ሐዘኑ እንዳይጥላት ባሏ ጻፊ አላት፤ ጻፈች። በ1848 የመጀመሪያ ልቦለዷ ታተመ። ዝነኛው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እሱን አንብቦ ነው በ1850 ሊጀምረው ላሰበው «ሀውስሆልድ ወርድስ» ለተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ጻፊልኝ ያላት። መጽሔቱ 24 ገጽ፣ በየገጹ ሁለት አምድ፣ ዋጋው ሁለት ፔኒ ነበር። የጸሐፊ ስም አይወጣበትም፤ በየገጹ አናት የሚነበበው የዲከንስ ስም ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ታሪኳ 20 ፓውንድ ተላከላት። ገንዘቡ በዝቶባት አታለልኳቸው ይሆን ብላ ሰጋች፤ ባሏ ግን ተረጋግቶ ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው የባሏ ነው የሚለው ሕግ እስከ 1870 አልተነካም ነበር። አንቺ ግን ክፍያሽ በስምሽ በተከፈተው ሒሳብ እንዲገባ አድርጊ። በሌላ ሰው ሒሳብ አይሁን፤ የአክስትሽም ቢሆን አይሁን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በታኅሣሥ 1851 በአንዲት ትንሽ ከተማ ስለሚኖሩ ባል የሌላቸው እመቤቶች አንድ ጽሑፍ ላከች፤ ዛሬ «ክራንፎርድ» ብለን የምናነበው ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ መስሏት ነበርና በውስጡ ካፒቴን ብራውንን ባቡር ገጭቶ እንዲገድለው አደረገች። አንባቢ ወደደው፣ ዲከንስ ቀጥዪ አላት፣ እስከ ግንቦት 1853 እየቆየች ጻፈች። ካፒቴኑ ግን ሞቷል። ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ በደብዳቤዋ ልቤ ሳይፈቅድ ነው የገደልኩት ብላለች። አየሽ? ስንት ክፍል እንደሚሄድ ሳታውቂ ሰው አትግደዪ። አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ አያትየውን ልትገድያት እንደነበር ሰምቻለሁ። ተያት፤ ገና ትፈለጋለች።

በዚያው ጽሑፍ ሌላም ነገር ደርሶባታል። ካፒቴኑ ባቡሩ ሲደርስበት የዲከንስን «ፒክዊክ» እያነበበ ነበር። ዲከንስ በራሱ መጽሔት ራሱን ማስመስገን አልወደደምና ሳያስፈቅዳት መጽሐፉን በአንድ ገጣሚ መጽሐፍ ተካው። ስትሰማ ጽሑፌን መልሱልኝ አለች፤ ወደ ኅትመት ገብቶ ነበር። «ፒክዊክ» ወደ ቦታው የተመለሰው በ1853 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ውልሽ ላይ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይግባ፦ ቃል ሲቀየር አስቀድሞ እንዲያሳዩሽ፣ በመጽሐፍ የማሳተም መብቱም ያንቺ እንዲሆን። በስልክ የተባለ ውል አይደለም።

ትልቁ ጉዳይ ግን «ሰሜንና ደቡብ» የተባለው ልቦለዷ ነው። ከመስከረም 2 ቀን 1854 እስከ ጥር 27 ቀን 1855 በፈረንጆቹ፣ በየሳምንቱ፣ 22 ክፍል። የጀመረችው ሳትጨርሰው ነው። በእጅ የጻፈችው ወረቀት በኅትመት ስንት አምድ እንደሚይዝ ሲገመት ስሌቱ ተሳሳተ፤ ከታሰበው በላይ ረዘመ። ዲከንስ ደግሞ የመጽሔቱ ሽያጭ ሲቀንስ አየና አሳጥሪ እያለ ይወተውታት ጀመር። የእሷ አጻጻፍ ዝግ ያለ ነው። ሻይ ይቀዳል፣ በሽተኛ ይጠየቃል፣ ልብ ቀስ ብሎ ይለወጣል። ሳምንታዊ ክፍል ደግሞ በጥቂት ገጽ ተከፍቶ፣ ዞሮ፣ አንባቢን አንጠልጥሎ መዘጋት ይፈልጋል። ሁለቱ አልተስማሙላትም። ወደ ማብቂያው ስትደርስ ሰው በሰው ላይ ይሞታል፣ ወራት በአንድ አንቀጽ ያልፋሉ። እሷም አልደበቀችውም፦ በ1855 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም መግቢያው ላይ በመጽሔቱ ጠባብነት መጨረሻውን ከሚታመነው በላይ ለማፍጠን መገደዷን ጻፈች፤ ምዕራፎችም ጨመረችበት። ዋናዋ ባለታሪክ ማርጋሬት ወደ ልጅነት መንደሯ ተመልሳ ሁሉ ነገር ተለውጦ የምታገኝበትን ያን ውብ ምዕራፍ የመጽሔቱ አንባቢዎች አላዩትም። መጨረሻው በእጇ ቢሆን ኖሮ መቀሱን የምትይዘው ራሷ ነበረች። ለዚህ ነው መጨረሻው በእጅሽ ሳይገባ አትስጪ የምልሽ።

አሁን የምታደርጊውን ስሚኝ። የወጣውን አንድ ሙሉ የመጽሔት ገጽ ውሰጂና ቃላቱን አንድ በአንድ ቁጠሪ፤ በግምት አትሂጂ። በተመደቡልሽ ገጾች አባዢው፤ የአንድ ክፍል ልክሽ ያ ነው። ከዚያ ለአዘጋጁ ደውለሽ የሁለት ሳምንት ፋታ ጠይቂ። በክብር ጠይቂ፣ አትለማመጪ። በሁለቱ ሳምንት አዲስ ክፍል አትጻፊ፤ የመጨረሻውን ክፍል ጻፊ፣ ሁለት ገጽም ቢሆን። እሱን ካገኘሽ ወደ ኋላ እየተመለስሽ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መስመር አስቀምጪ፦ ምን ይለወጣል፣ በምን ይዘጋል። በደብተር የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ የት እንደተወለደ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ መዝግቢ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ የበኩር ልጅ የነበረችው ስምንተኛው ላይ ታናሽ ሆናለች፣ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ያለቀ ክፍል ሁልጊዜ መሳቢያሽ ውስጥ ይደር። ብትታመሚ፣ መብራት ቢጠፋ፣ እንግዳ ቢመጣ የምትኖሪው በእነሱ ነው። የሚቀጥለውን ልቦለድ ደግሞ መጨረሻው በእጅሽ ሳይገባ አንድም ገጽ አትላኪ።

የመጨረሻውን ሳልነግርሽ ልዘጋ አልችልም። «ሚስቶችና ሴት ልጆች» የሚለውን ከነሐሴ 1864 ጀምሮ «ኮርንሂል» በተባለ ወርኃዊ መጽሔት ታወጣ ነበር። ወር ከሳምንት ይሻላል፤ ዝግ ያለ አጻጻፏ ቦታ አገኘ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። እናት የሞተችባት ሞሊ፣ አባቷ ሌላ ሲያገባ የምትውጠው ዕንባ። አንቺ በአሥራ አራት ዓመትሽ ያነበብሽው፣ ሽፋኑ የተገነጠለው። በሚከፈላት ገንዘብ ለባሏ ሳትነግረው ሃምፕሻየር ውስጥ ቤት ገዛች፤ ጡረታ ሲወጣ ልታስደንቀው። ኅዳር 12 ቀን 1865፣ እሑድ፣ በዚያው ቤት ሻይ ላይ ከልጆቿ ጋር እየተጫወተች ሳለ ድንገት ወድቃ ሞተች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ስለ ቤቱ ገና አያውቅም።

የቀራት አንድ ምዕራፍ ያህል ነበር። በእጇ የጻፈችው የመጨረሻ መስመር የእንጀራ እናቲቱ ደህና አድርገሽ አልብሺኝ፣ ልተኛና ልጄንና አዲሱን ሻሌን በሕልሜ ልይ የምትልበት ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ። በጥር 1866 የመጽሔቱ አዘጋጅ ፍሬድሪክ ግሪንውድ ሞሊና የምትወደው ሮጀር እንደሚጋቡ በራሱ ቃል ጽፎ ዘጋው። ጥሩ ሰው ነው፣ በአክብሮት ነው የጻፈው፤ ግን ያ ሠርግ በእሷ ቃል አልተጻፈልንም። ያን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ወረቀቱን እገልጠዋለሁ፣ አንድ ገጽ የተጣበቀ ይመስል።

አንቺ ወጣት ነሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ሞትን ላሟርትብሽ አይደለም የጻፍኩት። ግን ሌሊቱን ተኚ። ማክሰኞ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ መብራት እንዳይበራ ለአክስትሽ ነግሬያታለሁ፣ እንዳትቆጪያት።

ሽሮና በሶ በቅዳሜው አውቶቡስ ልኬያለሁ። በሶው በትንሹ ፌስታል ያለው ነው፤ ጠዋት ከቡና በፊት በጥብጠሽ ጠጪ። ሁለቱን የመጨረሻ ገጾች ስትጨርሺ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አሠርቻለሁ፣ አነበዋለሁ።

እናትሽ