መዝገቡን ለወንጀል ፍትሕ ተማሪዎች ክፈቱልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በወንጀል ፍትሕ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ቀን ጥብቅና፣ ማታ ክፍል። ብዙ ሰው «ለወረቀቱ ነው?» ይለኛል። አይደለም። የገባሁት በየሳምንቱ ችሎት የማየውን ነገር በቅጡ ላጠናው ፈልጌ ነው።

የማየው ይኼን ነው። በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ተጠርጣሪው ይቆማል። መርማሪ ፖሊሱ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ «የምስክር ቃል ይቀረናል፣ የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣልንም፣ ያልተያዘ ግብረ አበር አለ» ይልና ምርመራው እስኪያልቅ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ 14 ቀን ይጠይቃል። ጠበቃ ይቃወማል፣ ዋስትና ይጠይቃል። ዳኛው አንዳንዴ የተጠየቀውን ሙሉውን ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዴ ይቀንሱታል። በቀጣዩ ቀጠሮ ያው ምክንያት፣ በዚያው ቅደም ተከተል ሲደገም የሰማሁበት ጊዜ አለ። የልጁ እናት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ተመልሳ ወደ ጣቢያ ትሄዳለች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ስንሠራበት የኖርነው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ቁጥር አላስቀመጠም። እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ይህንኑ ነው። በተግባር ስንት ጊዜ ይሰጣል? በየትኛው ወንጀል ይበዛል? ያ ሁሉ ቀን ከተሰጠ በኋላስ ክስ ይመሠረታል ወይስ ሰውየው እንዲሁ ይለቀቃል?

የትብብር ደብዳቤ አጽፌ የተዘጉ መዝገቦችን ለማየት ጠየቅኩ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላኩኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ በኋላ ደብዳቤው ለእኛ አልተመራም ተባልኩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «መዝገብ ለተማሪ አይሰጥም» አሉኝ፤ የትኛው መመሪያ እንደሚከለክል ግን የነገረኝ የለም። አማካሪዬ ጊዜው እንዳያልፍብኝ አስበው ርዕስ ቀይር አሉኝ። ከክፍል ጓደኞቼም በዚሁ ምክንያት ርዕስ የቀየሩ አሉ። ታዲያ ምን ይጻፋል? ሕጉ ምን ይላል፣ የውጭ አገር ሕግ ምን ይላል፣ ቢሻሻል ጥሩ ነው። አለቀ። አገራችን ውስጥ ምን እየተደረገ እንዳለ ግን ከዚያ ጽሑፍ አይገኝም።

ይኼ ደግሞ የተማሪ ችግር ብቻ አይደለም። የቅጣት አወሳሰን መመሪያውን ውሰዱት። በ2002 ዓ.ም. ወጣ፣ በ2006 ዓ.ም. ተሻሻለ። አንድ ዓይነት ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች በየችሎቱ የተራራቀ ቅጣት እንዳይጣልባቸው ነበር የታሰበው። ተሳካ ወይ? መልሱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ የሚቆጥርና የሚያነጻጽር ሰው ነው የሚፈልገው። የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ይህን ሥራ ያለ ምንም ክፍያ፣ ሌሊቱን ጭምር ቁጭ ብሎ ይሠራል።

የግል ምስጢር ጉዳይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ቀላልም አይደለም። የሕፃናት መዝገብ አለ፣ የተደፈሩ ሴቶች መዝገብ አለ፤ እነዚህን ማንም እንዳሻው ይግለጥ አላልኩም። ግን የጊዜ ቀጠሮ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ችሎት የሚሰማ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ያዳመጠውን ነገር ተማሪ ለምን አያነበውም? ስም ይሸፈን፣ ተማሪው ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርም፣ መዝገቡ ከክፍሉ ሳይወጣ እዚያው ሠራተኛ ባለበት ይነበብ። ፍርድ ቤቶችና የሕግ ትምህርት ቤቶች ተቀምጠው ቢነጋገሩ በአንድ አጭር መመሪያ የሚያልቅ ነገር ነው። ፖሊስና ማረሚያ ቤቶችም እንዲሁ።

ዘንድሮ ለመመዝገብ ላሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፕሮፖዛል ከማስገባታችሁ በፊት መረጃው የሚገኝበት ቢሮ ሂዱና ይሰጣችሁ እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ከከለከሏችሁም ክልከላውን በጽሑፍ ይስጧችሁ። እኔ ርዕሴን አልቀየርኩም፤ ለበላይ ኃላፊው አቤቱታ አስገብቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

አንድ ጠበቃና የማታ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ